አክሽን አርፒጂ ከባድ ነው ወይስ ረጅም ብቻ?

ሰነፍ_ጠንቋይ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ያብከነከነኝን ነገር ላውጣው። አክሽን አርፒጂ የሚባሉትን፣ ገጸ ባሕርይህን እያሳደግክና ዕቃ እየሰበሰብክ በቅጽበት የምትዋጋባቸውን ጌሞች፣ ዲያብሎ 2ንም ፓዝ ኦፍ ኤግዛይልንም ለዓመታት ተጫውቻለሁ። "ከባድ ጌም ነው፣ ጥልቅ ነው" ሲባል ሁሌ እሰማለሁ። ምኑ ላይ ነው ክብደቱ? ቢልድ (የክህሎትና የዕቃ ቅንብር) ከኢንተርኔት ትገለብጣለህ። የተባልከውን ዕቃ ትለቃቅማለህ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጭነህ መንጋውን ታጸዳለህ። ቦሱ ካሸነፈህ ወደ ኋላ ሄደህ ሌቭል ጨምረህ ትመለሳለህ። አለቀ።

ስሌይ ዘ ስፓየር የሚባለውን የካርድ ጌም ስጀምር ግን ሌላ ዓለም ሆነብኝ። እዚያ ማንም ቀድሞ "ይህን ዴክ (የካርድ ስብስብ) ሥራ" ሊለኝ አይችልም። ምን ካርድ እንደሚወጣልኝ እሱም አያውቅማ! ውጊያ ባሸነፍኩ ቁጥር ሦስት ካርድ ይቀርብልኛል። አንዱን እወስዳለሁ ወይም ሁሉንም እተዋለሁ። መተውም ራሱ ውሳኔ ነው፤ የማይረባ ካርድ ከገባ ጥሩዎቹ በሰዓቱ እጄ ላይ አይደርሱም።

አቋሜ ይኸው፦ አክሽን አርፒጂ ረጅም እንጂ ከባድ አይደለም። ስትራቴጂው ያለው እንደ ስፓየር ያለ ሮግላይክ ጋ ነው፤ ከሞትክ ከመጀመሪያው የምትነሳበት፣ የሚያጋጥምህም በየጊዜው የሚቀያየርበት ጌም ማለቴ ነው። የሚከራከረኝ ይምጣ።

ቁልፍ_ሰባሪ መለሰ፦

መጣሁልህ።

ወንድሜ፣ ቢልድ ገልብጠህ "ጌሙ ጥልቀት የለውም" ማለት መልስ ኮርጀህ "ፈተናው ቀላል ነበር" እንደማለት ነው። ያንን ቢልድ መጀመሪያ የሠራው ሰው ምን እንዳደረገ እስቲ አስበው።

የመጀመሪያውን ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል እንውሰድ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የፓሲቭ ዛፉን (ነጥብ የምታፈስበትን የክህሎት ካርታ) ነው። እሱን ተወው፣ ለዓይን ነው የሚያስፈራው። እውነተኛው ራስ ምታት ሬዚስታንስ (ጉዳትን የመቋቋም አቅም) ነው። የእሳት፣ የብርድና የመብረቅ ጣሪያ በመደበኛው 75 በመቶ ነው። በታሪኩ ውስጥ ኪታቫ የሚባለውን ቦስ ሁለት ጊዜ ትገጥመዋለህ፤ በየጊዜው 30፣ በድምሩ 60 ይቀነስብሃል። ስለዚህ ጣሪያው ለመድረስ ለሦስቱም 135፣ 135 ከየትም ብለህ ማምጣት አለብህ። በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከለበስከው ዕቃ ነው። ያው ዕቃ ህይወትም እንዲጨምርልህ ትፈልጋለህ። የምታደርሰውን ጉዳትም እንዲጨምርልህ ትፈልጋለህ። የተሻለ ጫማ ወደቀልህ እንበል። ስትቀይረው የመብረቁ ይጎድላል። እሱን ለመሙላት ጓንት ትቀይራለህ። አሮጌው ጓንት ላይ የነበረው ህይወት አብሮ ይሄዳል። አንድ ጫማ ለመቀየር አራት ዕቃ ታፈርሳለህ።

ዲያብሎ 2 ደግሞ ሄል የሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ ስትደርስ በኤክስፓንሽኑ (በተጨማሪ ክፍሉ) ሬዚስታንስህን በ100 ይቀንሰዋል። ይህ ትንሹ ነው። ብዙ ጭራቆች አንድን የጉዳት ዓይነት ጨርሶ አይነካቸውም። የብርድ አስማት ብቻ የያዘች ሶርሰረስ (አስማተኛ) ብርድ የማይነካው መንጋ ፊት ስትቆም ምን ታድርግ? ሁለተኛ ኤለመንት ብትጨምር ነጥቧ ተከፋፍሎ ሁለቱም ይሳሳሉ። ጥላው ብታልፍ የተወሰኑ ቦታዎች ይዘጉባታል። ወይም ለቅጥረኛዋ ኢንፊኒቲ የሚባለውን ሩንወርድ (ሩን የሚባሉ ድንጋዮች ተሰክተውበት የሚሠራ መሣሪያ) ሠርታ ትሰጠዋለች፤ ኮንቪክሽን የሚባለው ኃይሉ የጭራቆቹን መከላከያ ይሸረሽራል። እሱን ለመሥራት ግን ሁለት ቤር ሩን ያስፈልጋል፣ ቤር ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ስልት የለም ያልከው ይህንን ነው?

ውሳኔው አለ። ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ስላለቀ ነው ያላየኸው።

ሰነፍ_ጠንቋይ መለሰ፦

በደንብ ተናገርክ፣ ግን የኔን ነው ያጠናከርክልኝ። እንቆቅልሹን አንድ ሰው አንዴ ፈታው፤ ለሁላችንም ተፈታ። ኢንፊኒቲ ዛሬም መልሱ ነው፣ ከዓመት በኋላም መልሱ ነው። የሮግላይክ እንቆቅልሽ ግን በየራኑ (በየጨዋታው ዙር) አዲስ ነው። ሌላ ሰው ቢፈታው ለኔ አይጠቅመኝም።

ዳግም_ሞት መለሰ፦

እኔ ሁለቱም ላይ እሞታለሁ 😂 ግን ሮግላይክ ላይ ስሞት ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ማመን ያቅተኛል። ካርዱ ካልመጣ አልመጣም። ዕድል ነው እኮ። ዕድልን "ስትራቴጂ" ብላችሁ አታቆላምጡት።

ባለ26ኛው_ፎቅ መለሰ፦

እናንተ ልጆች፣ የምትከራከሩባቸው ሁለቱ ጌሞች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ሮግላይክ ስሙን ያገኘበትን ሮግን ማይክል ቶይ እና ግሌን ዊችማን በ1980 አካባቢ ሠሩት። በፊደላት የተሳለ ጉድጓድ፣ ተራ በተራ የሚሄድ፣ ፈልገህ የምትወርድለት ክታብ 26ኛው ፎቅ ላይ። (ስሜን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባችሁ።) ዲያብሎን የጀመረው ዴቪድ ብሬቪክ የዚያ ዘር አፍቃሪ ነበር። ጌሙም መጀመሪያ የታቀደው ተራ በተራ እንዲሆን ነው። በሥራ ላይ እያለ ወደ ቅጽበታዊ ተለወጠ፤ በ1996 መጨረሻ ላይም እንዲያ ሆኖ ወጣ።

በለውጡ ምን ተገኘ? እጅ ላይ ያለው ስሜት። ዘንዶ ይሁን አጽም፣ በክሊክ ስትመታው ደስ ይላል፣ አልክድም። ምን ቀረ? ቆሞ ማሰብ። ተራ በተራ የሆነ ጌም ላይ አራት ጭራቅ ሲከብህ ሻይህን ጠጥተህ፣ ሻንጣህን አንድ በአንድ ፈትሸህ፣ ከዚያ ትወስናለህ። ጌሙም ይህን ስለሚያውቅ ጭንቁን ያከብደዋል። ቅጽበታዊው ላይ እንደዚያ ቢያከብደው ማንም አይተርፍም። ስለዚህ መልሱ አንድ ይሆናል፦ ቀይ ጠርሙስ።

ዕድል ነው ላለው ልጅ፣ ኔትሃክ የሚባለውን ሮግላይክ ልንገርህ። ማንነቱን የማታውቀው ጥቅልል አገኘህ። ማንበብ ትችላለህ፤ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ቁማር ነው። ወይም ጥቅልሉን ይዘህ ሱቅ ትገባና ባለሱቁ የሚጠራውን ዋጋ ትሰማለህ። መነሻ ዋጋው 20 ዞርክሚድ (የጌሙ ገንዘብ) የሆነ ጥቅልል አንድ ብቻ ነው፣ የዕቃን ማንነት የሚገልጸው። ሳትከፍል፣ ሳታነብ አወቅከው። ዕድሉ ያው ነው፤ አንተ ግን ቁማርተኛ መሆንህ ቀረ።

ሌላም። ኮካትሪስ የምትባል ፍጡር አለች፣ በባዶ እጅህ ከነካሃት ድንጋይ ትሆናለህ። ጓንት ካለህ ግን ሬሳዋን አንስተህ እንደ ዱላ ትጠቀምበታለህ፤ አብዛኛው የመታኸው ነገር ድንጋይ ይሆናል። እንዴት ያለ መሣሪያ ነው! እንዲያ ይዘህ ስትሮጥ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቅክ ግን ሬሳው ላይ ነው የምታርፈው። ጓንቱ አያድንህም። መሣሪያው ጠንካራ የሆነውን ያህል አካሄድህን ይለውጥብሃል፤ እያንዳንዱን እርምጃ ማሰብ ትጀምራለህ። ይህን ዓይነት ነገር በአርፒጂው ፈልጌ አጣሁት። እዚያ ጠንካራ ሰይፍ ጠንካራ ሰይፍ ነው።

ዳግም_ሞት መለሰ፦

ጋሼ፣ ሬሳ ላይ ወድቆ መሞቱን ወደድኩት። አሳማኝ ነው። ግን ያ ሁሉ የዋጋ ሠንጠረዥ በቃል መያዝ ስትራቴጂ ነው ወይስ ሽምደዳ?

ባለ26ኛው_ፎቅ መለሰ፦

ግማሹ ሽምደዳ ነው። አልዋሽህም።

ሮዛ_በጨለማ መለሰ፦

ሁላችሁም ዙሪያውን እየዞራችሁ ነው፣ ልግባበት።

ልዩነቱ ቅጽበታዊነትም አይደለም፣ ሞትም አይደለም። ዲያብሎ 2 ከ2000 ጀምሮ ሃርድኮር አለው፣ ከሞትክ አበቃ። ሃርድኮር ስትጫወት የሚሰጥህ ምክር ምንድን ነው? "ቀጣዩ ቦታ ከመግባትህ በፊት ሌቭል ጨምር፣ ህይወት ደርብ፣ አትቸኩል።" ማለትም ሞት ሲጨመር ጌሙ ጥልቅ አልሆነም፣ ቀርፋፋ ሆነ። ለምን? ወደ ኋላ ተመልሰህ የፈለግከውን ያህል መሰብሰብ ስለምትችል። ሀብቱ ማለቂያ የለውም። ማለቂያ የሌለው ሀብት ባለበት ውሳኔ ክብደት አይኖረውም፤ የተሳሳትከውን በሰዓት ትከፍለዋለህ።

ሮግላይክ የሚያደርገው ይህንን በር መዝጋት ነው። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይዘጋዋል። ሮግ በምግብ ዘጋው፦ ብትቆይ ትራባለህ። ስፔላንኪ ኤችዲ በመንፈስ ዘጋው፦ አንድ ፎቅ ላይ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ከቆየህ የማይሞት መንፈስ ይመጣብሃል። ኤፍቲኤል፣ የጠፈር መርከቡ ጌም፣ ከኋላህ በሚገሰግስ የጠላት መርከቦች ጦር ዘጋው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ደንጀን ክሮል ስቶን ሱፕ ነው። ሠሪዎቹ በ0.26 ስሪቱ ምግብን ጨርሰው አስወጡ። "አበቃላቸው፣ አሁን ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል" የሚል ነበር። ምንም አልሆነም። ምክንያቱም ጭራቁ ራሱ የተወሰነ ነው። ፎቁን ካጸዳህ በኋላ ብትቀመጥ የምትገድለው የለም፣ የምታገኘው ልምድም የለም። ሰዓቱ ምግቡ ላይ አልነበረም። ልምዱ ላይ ነበር።

ብሮግ የሚባለው ሮግላይክ ደግሞ ጫፍ ድረስ ሄዷል። የልምድ ነጥብ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ጭራቅ ስትገድል ምንም አታገኝም! ጠንካራ የሚያደርግህ ያገኘኸው ዕቃ ነው፣ ከዕቃው ደግሞ ዋናው ዕቃን የሚያጠናክረው የኤንቻንት ጥቅልል ነው። እየወረድክ ስትሄድ በተመጠነ ፍጥነት ይሰጥሃል። ከዚያ ጥያቄው ፊትህ ላይ ይደቀናል፦ ሁሉንም ጥሩሩ ላይ ላፍስስ? በትሩ ላይ? ወይስ ገና ያላገኘሁት የተሻለ ዕቃ ይመጣል ብዬ ሻንጣ ውስጥ ላቆየው? ስታቆየው ደግሞ እስከዚያው ደካማ ነህ። መልስ የለውም። በየራኑ ሌላ መልስ አለው።

ቁልፍ ሰባሪ፣ ያንተ የ135 ስሌት ጥሩ እንቆቅልሽ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ያልተመቸህን ጫማ ጥለህ ነገ ሌላ ታገኛለህ። እንቆቅልሹ ጊዜ ይወስድብሃል እንጂ አያስጨንቅህም።

ቁልፍ_ሰባሪ መለሰ፦

ሮዛ፣ አንቺ ስትገቢ ነው ክር ክር የሚመስለው። "ሀብቱ ማለቂያ የለውም" ያልሽውን እቀበላለሁ። ግን ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ላይ መጨረሻው አካባቢ ከሞትሽ ከሌቭሉ 10 በመቶ ልምድ ይቀነሳል። ከ95 በላይ ስትሆኚ ያ ቀልድ አይደለም፣ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው በአንድ ምት የሚሄደው። ሁለተኛ፣ ሶሎ ሰልፍ ፋውንድ የሚባል አጨዋወት አለ። ንግድ የለም፣ ከማንም አትገዢም፣ የወደቀልሽን ትጠቀሚያለሽ። ቢልድ ብትገለብጪም ቢልዱ የሚጠይቀው ዕቃ እምቢ ሊል ይችላል። ያኔ ሰይፍ ይዤ እጀምራለሁ ያልሽው ሴትዮ በቀስት ትጨርሻለሽ። ይህ ሮግላይክ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሮዛ_በጨለማ መለሰ፦

10 በመቶው ቅጣት ነው። ቅጣትና ክብደት ይለያያሉ። እንዲያውም ሰው ሌቭል 97 ሲሆን ቀላሉን ቦታ እየመረጠ መጫወት ይጀምራል፣ ላለመሞት። ጌሙ ሲከብድ ተጫዋቹ ወደ ቀላሉ ሸሸ ማለት ነው።

ሰልፍ ፋውንዱን ግን እሰጥሃለሁ። እዚያ እውነትም ይቀራረባሉ። በተለይ ሊግ (ሁሉም ከዜሮ የሚነሳበት አዲስ ወቅት) ሲጀመር ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ ሰው ሁሉ እጁ ባዶ ሲሆን። የአርፒጂ ምርጡ ሰዓት ያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሀብት ማካበት ነው።

ያልተጠየቀው መለሰ፦

ኤልደን ሪንግስ? እሱም አክሽን አርፒጂ ነው፣ ስለ እሱ ማንም አላነሳም።

ቁልፍ_ሰባሪ መለሰ፦

ያኛው በዋናነት የእጅ ክብደት ነው። ቦሱ መቼ እንደሚመታ ታነባለህ፣ በሰዓቱ ትንከባለላለህ። ሌላ ክር ይገባዋል፣ እዚህ ካስገባነው አንወጣም።

ሰነፍ_ጠንቋይ መለሰ፦

ዳግም ሞት የዕድሉን ነገር አንስቶ ነበር፣ እሱን ሳልመልስ ብቀር ያንገበግበኛል።

ስሌይ ዘ ስፓየር፣ 1ኛው ምዕራፍ። ኤሊት (ከተራው የከበደ ጠላት) ሦስት ዓይነት ነው። ግሬምሊን ኖብ፦ ከመጀመሪያው ተራ በኋላ ስኪል ካርድ በመዘዝክ ቁጥር ጥንካሬው በ2 ይጨምራል። መከላከያህ ሁሉ ስኪል ነው! እየተከላከልክ ራስህን ትገድላለህ። ላጋቩሊን፦ ተኝቶ ነው የምታገኘው፣ ካልነካኸው ጥቂት ተራ ይሰጥሃል፤ ሲነቃ ግን ጥንካሬህንም መከላከያህንም ይቀንሳል። ሴንትሪዎቹ፦ ሦስት ናቸው፣ ዴክህን በማይረቡ ካርዶች ይሞሉብሃል።

አሁን ተመልከት። ለኖብ በፍጥነት የሚመታ ዴክ ያስፈልጋል። ለሴንትሪዎቹ ሁሉንም በአንዴ የሚመታ ካርድ ይጠቅማል። ለላጋቩሊን ዝግጅቱ ቀስ ብሎ የሚነሳ ዴክም ይሆናል። የትኛው እንደሚመጣ አታውቅም። የት እንዳሉ ግን ካርታው ላይ ከመጀመሪያው ይታያሉ፤ ዞረህም ማለፍ ትችላለህ። ዞረህ ካለፍክ ግን ኤሊቱን ስታሸንፍ የሚሰጠው ሬሊክ (ጥቅሙ አብሮህ የሚቆይ ዕቃ) ይቀርብሃል፣ ያለ ሬሊክ ደግሞ 2ኛው ምዕራፍ ይበላሃል። ከኤሊቱ በፊት የማረፊያ እሳት ካለ ሌላ ጥያቄ፦ አርፈህ ከሙሉ ህይወትህ 30 በመቶ ትመልሳለህ ወይስ ካርድ ታሻሽላለህ? ማረፍ ዛሬን ያድንሃል። ማሻሻል እስከ መጨረሻው አብሮህ ይሄዳል።

ዕድል የምትለው "ሦስቱ ካርዶች የትኞቹ ናቸው" የሚለውን ነው። እሱ ከውሳኔህ በፊት ነው የሚመጣው፤ አይተህ ነው የምትወስነው። ጠላትም በዚህ ተራ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ራሱ ላይ ተጽፎ ታየዋለህ። ከወሰንክ በኋላ ዳይስ የሚጣልበት ጌም ያናድዳል፣ ያኔ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ግን ይህኛው ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ አሴንሽን 20 ላይ (ባሸነፍክ ቁጥር ጌሙን ከሚያከብዱት ደረጃዎች የመጨረሻው)፣ የመጨረሻው ቦስ ሁለት በሚሆንበት፣ ደጋግመው የሚያሸንፉ ሰዎች ከየት ይመጣሉ?

ዳግም_ሞት መለሰ፦

ኖብ ላይ ስኪል... ለዚያ ነው ለካ! እኔ እኮ በደንብ እየተከላከልኩ ለምን እሞታለሁ ብዬ ነበር 😭

ቁልፍ_ሰባሪ መለሰ፦

😂😂

ሳቄን ጨርሼ ልመለስ። አሴንሽንን ካነሳህ አይቀር፣ ሮግላይክ ነን ከሚሉት ብዙዎቹ ከኔ ጌም ጋር አንድ ናቸው። ሄዲስ የሚባለውን ጌም ተመልከቱ። በሞትክ ቁጥር ቤት ተመልሰህ መስታወቱ ላይ ራስህን ታሻሽላለህ፦ ተጨማሪ ህይወት፣ ከሞት መነሳት፣ ሁሉም። በኋላ የምታሸንፈው ስለተማርክ ነው ወይስ ቁጥሩ ስላደገ? ሁለቱም፣ ግን ስንት ስንት እንደሆነ መለየት አትችልም። ጎድ ሞድ የሚባለውን ማቅለያ ካበራህበት ደግሞ ከ20 በመቶ ጥበቃ ተነስቶ በሞትክ ቁጥር 2 ይጨምራል፣ እስከ 80። ሌቭል ጨምረህ ተመለስ ማለት እኮ ነው፣ በሌላ ቀሚስ።

ሮዛ_በጨለማ መለሰ፦

ትክክል ነህ፣ እኔም ለዚህ ነው አቅጣጫውን የማየው። የሄዲስ መስታወት ስትሸነፍም ያጠነክርሃል። የስፓየር አሴንሽን ስታሸንፍ ያከብድብሃል። የመጀመሪያው ሁሉም ሰው መጨረሻውን እንዲያይ ይፈልጋል፣ ታሪክ ስላለው ተገቢ ነው። ሁለተኛው ጥሩ ተጫዋች እንዳይሰለች ይፈልጋል። ፍትሃዊ ለመሆን ሄዲስም ፓክት ኦፍ ፐኒሽመንት አለው፣ ካሸነፍክ በኋላ ራስህ ላይ ቀንበር የምትጭንበት። እሱ ከተከፈተ ወዲህ ያለውን ሄዲስ እጅግ እወደዋለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ለታሪኩ።

የመድረኩ አስተባባሪ፦

ከዚህ በላይ ሁለት መልስ አጥፍቻለሁ። "የእውነት ተጫዋች" ማን እንደሆነ መወሰን የዚህ ክር ሥራ አይደለም። ቀጥሉ።

ያልተጠየቀው መለሰ፦

የሥራ ሰው ነኝ፣ ማታ ትንሽ ሰዓት ነው ያለኝ። ሮዛ ያለችው ብሮግ ነጻ ነው አሉኝ፣ አወረድኩት። መልኩ ፊደል ብቻ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ውሃውና እሳቱ በቀለም ያምራል። አሁን 4ኛው ፎቅ ላይ ነኝ። ጎብሊኖች አንድ ሌላ ጎብሊን በሰንሰለት አስረው ይዘውታል። ሚስቲክ ይላል። በበሩ በኩል አይቻቸዋለሁ፣ እነሱ አላዩኝም። ሦስት ናቸው። ህይወቴ ግማሽ ነው። ማንነቱን የማላውቀው ሁለት መጠጥ አለኝ። ምን ላድርግ?

ባለ26ኛው_ፎቅ መለሰ፦

ሳያዩህ ወደ ኋላ ውጣና ህይወትህ እስኪሞላ እረፍ፤ ምግብ ከበቃህ ማለቴ ነው። ከዚያ ጠባብ ኮሪደር ላይ ቆመህ አንድ በአንድ ይምጡልህ፣ ሜዳ ላይ አትግጠማቸው።

ሮዛ_በጨለማ መለሰ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ከመካከላቸው ቀስተኛ ካለ ግን ቀጥ ያለ ኮሪደር ይጎዳሃል። ጥግ ዞረህ ቁም፣ ለመተኮስ እስኪቀርብህ ድረስ እንዳያይህ። መጠጦቹን አትጠጣቸው፤ አንዱ ጎጂ ከሆነ ጠላት ላይ የምትወረውረው ነው። ካሸነፍክ ሚስቲኩን ፍታው። ራሱ አይዋጋም፣ ላንተ ግን ጋሻ ይጥልልሃል። ከፊት እንዳይቀድምህ ብቻ ጠብቀው፣ በአንድ ሁለት ምት ነው የሚሞተው።

ያልተጠየቀው መለሰ፦

ቀስተኛ አለ። ጥጉ ጋ ቆሜያለሁ። አንዱ እየመጣ ነው፣ ቆዩኝ።